የመጨረሻዋ የናስ አፍ

ወሬው ሲመጣ ታናሹ ወንድም ቶርኖው ላይ ነበር። ጆሮው በማሽኑ ጩኸት ተደፍኖ፣ ዓይኑ በሚሽከረከረው ናስ ላይ ተተክሎ ስለነበር ከኋላው ሰው መቆሙን ያወቀው ብርሃኑ ሲጋረድበት ነው። ዞር ሲል የኮሌጁ የላይኛው ቤተ ሙከራ ኃላፊ ቆማለች። ይህች ሴት ወደ ወርክሾፑ ወርዳ አታውቅም። የምትፈልገው ነገር ሲኖር በታላቅ ወንድሙ ትልክበታለች፤ ታላቁም ደረጃው ላይ ቆሞ "ማሙሽ!" ብሎ ይጣራል። ፀጉሩ ከጆሮ ግንዱ በላይ የሸበተ ሰውዬ ማሙሽ ሲባል የሚሰሙ ተማሪዎች በሳቅ ይሞታሉ።

"የናሷ አፍ ገና ነች" አላት ምንም ሳትጠይቀው። "ጠርዟን አልሳልኳትም። ነገ ከሰዓት ትደርሳለች።"

"ማሽኑን አጥፋው" አለችው።

"አሁን ባቆማት መስመር ትይዝብኛለች።"

"አጥፋው፣ ወንድሜ።"

ወንድሜ ስትለው ገባው። እሷ ሰውን በሥራው እንጂ በዝምድና ጠርታ አታውቅም። ማጥፊያውን ተጫነ። ናሱ በራሱ ጉልበት ጥቂት ዞረና ቆመ፤ የመቁረጫው ምላጭ ያረፈበት ቦታም እንደተናገረው ቀጭን መስመር ያዘ።

"የት ነው?" አለ።

"ላይ ነው። በርጩማው ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፎ አገኘነው።"

"ሐኪም ተጠርቷል?"

"መጥቶ አይቶታል። ካለፈ ቆይቷል አለን።" ድምጿ ወረደ። "ጨርቁ ተሰቅሎ ነበር። ሁለቴ በበሩ በኩል አልፌያለሁ። ጨርቁ ተሰቅሎ ስለነበር አላንኳኳሁም።"

ይህን ያለችው "ልክ ነሽ" የሚላት ሰው እንደሚፈልግ ሰው ነው። ታናሹ ግን ከኪሱ መጥረጊያ አውጥቶ፣ ሁልጊዜ ማታ ማታ ከሥራ ሲወጣ እንደሚያደርገው፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ጠረገ። ከዚያ ከፊቷ ቀድሞ ደረጃውን ወጣ።

ስለ ጨርቁ በዚያ ሕንፃ ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም። ታላቁ የሚሠራበት የገንዳው ክፍል በር እጀታ ላይ የታሰረ ቀይ ጨርቅ ካለ ውስጥ ያለው ውሃ እየረጋ ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ አይገባም፣ አይንኳኳም፣ ኮሪደሩ ላይም ረገጥ ረገጥ ተደርጎ አይኬድም። ሕጉን ያወጣው ታላቁ ራሱ ነው። አንድ ጊዜ የኮሌጁ አለቃ እንግዶች አስከትሎ ጨርቁን ሳያይ ቢገባበት፣ ታላቁ ከበርጩማው ሳይነሳ፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ መልሶ አስወጥቶታል። እንግዶቹ በጫማቸው ጫፍ እየተራመዱ ሲወጡ ያየ ሁሉ ለዓመታት ሲያወራው ኖረ። በዚያን ቀን የተሳቀበት ጨርቅ ነው፣ እንግዲህ፣ ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ ማንም ሰው በሩን እንዳይከፍት ያደረገው።

ታላቁ ወንድም ወደዚህ ሥራ የገባው ሳያስበው ነው። የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ያንዱን ቤት ቧንቧ ሲያስር ሌላው ሲያፈስ፣ የቧንቧ መፍቻውን በትከሻው ላይ አንግቶ ከቤት ቤት ሲዞር የኖረ ሰው ነው። ኮሌጁ ውስጥ አንድ ትልቅ የመስታወት ገንዳ ከሥሩ እያንጠባጠበ አስቸግሯል ተብሎ ተጠራ። የዛሬዋ ኃላፊ ያን ጊዜ ገና ጀማሪ፣ ከሰው ፊት አንገቷን ደፍታ የምትናገር ልጅ ነበረች። ስንጥቁን ደፍኖ ውሃ ከሞላ በኋላ "እስቲ ይዞ እንደሆነ እንይ" ብላ የገንዳውን ፒስተን ገፋችው። በአንደኛው ጫፍ ካለው ቱቦ አፍ ሰማያዊ ቀለም የተቀላቀለበት ውሃ ብቅ አለና፣ በመበተን ፈንታ፣ ተጠቅልሎ ቀለበት ሆነ። ማንም ሳይገፋው፣ ቀስ እያለ፣ ራሱን ችሎ ከዳር እስከ ዳር ሄደ።

ቧንቧ ሠራተኛው ውሃ ሲፈስ፣ ሲፈናጠቅ፣ ሲያፈተልክ፣ ጣሪያ ሲያበሰብስ አይቷል። ውሃ ቅርፅ ይዞ ሲሄድ ግን አይቶ አያውቅም።

"ደግመሽ አሳዪኝ" አላት።

"ውሃው እስኪረጋ መጠበቅ አለብን። አለዚያ የፊተኛው ረብሻ የኋለኛውን ያበላሸዋል።"

"እጠብቃለሁ" አለና በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

ሚስቱ ይህን ታሪክ ለሰው ስታወራ "ከዚያ ወዲህ አልተነሳም" ትል ነበር። አሁን አትልም።

የቀለበቱን ነገር ለማያውቅ ሰው ታላቁ የሚያስረዳው በካልሲ ነበር። ካልሲ ከእግር ሲወልቅ ጠርዙ ላይ እየተጠቀለለ እንደሚወርድ፣ በድንገት የተገፋ ውሃም ከአፉ ሲወጣ ዳር ዳሩን ያለው ውሃ ይይዘዋል፤ መሐሉ ወደፊት ሲሄድ ዳሩ ወደኋላ ይጠቀለላል፤ ተጠቅልሎ ተጠቅልሎ ራሱ ላይ ይገጥማል። ይኸው ነው። ጨዋታው ያለው ምን ያህል ልግፋው በሚለው ላይ ነው። ትንሽ ከገፉት ቀለበቱ ቀጭን ይሆናል። ሲጨምሩለት ይበላል፣ ይወፍራል። የአፉን ስፋት አራት እጥፍ ያህል ርዝመት ያለው ውሃ ከገባለት በኋላ ግን ከዚያ በላይ አይቀበልም፤ ያለውን ይዞ ይቆረጥና ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ የሚገፉት ሁሉ ከኋላው ጭራ ሆኖ ይጎተታል እንጂ ቀለበቱ ውስጥ አይገባም። ታላቁ ያችን ቅጽበት ሲያይ በርጩማው ላይ እንዳለ "ጠገበ!" ይላል። ከዚህ የተነሳ ተማሪዎቹ ጋሽ ጠገበ አሉት፤ ስሙን የማያውቁ ሰዎችም እውነተኛ ስሙ መስሏቸው በዚያው ጠሩት።

ቃሉን ወደ ቤቱም ይዞት ገባ። ዘመድ መጥቶ ስለ ኩላሊቱ ሲያወራ አምሽቶ፣ ስለ ኩላሊቱ ሁለተኛ ሊጀምር ሲል ታላቁ ከሻዩ ቀና ሳይል "ጠገበ" ይላል፤ ሚስቱ ከጠረጴዛው ሥር ትረግጠዋለች። አንድ ጊዜም በስብሰባ ላይ የኮሌጁ አለቃ ንግግሩን እያስረዘመ ሳለ ከኋላ ወንበር ይችው ቃል ተሰማች። ማን እንዳለው የጠየቀ አልነበረም፤ ሁሉም ጫማውን ነው ያየው።

ልጅ አልነበራቸውም። ሁለት ክፍል ቤት፣ ጓሮ ላይ የልብስ መስጫ ሽቦ፣ ከበሩ አጠገብ የጫማ መደርደሪያ። ታናሹ አላገባም፤ ሁለት ቤት አልፎ በተከራየው ክፍል ይኖራል፣ እራቱን ግን የሚበላው እነሱ ጋ ነው። አንድ ምሽት ታላቁ ከቤተ ሙከራ የካርቶን ሳጥን ይዞ መጣ። በአንደኛው ጎኑ ቀዳዳ፣ በሌላው ጎኑ ከአሮጌ ሬዲዮ የወለቀ ድምፅ ማጉያ አለው። ሻማ አብርቶ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አቆመና ድምፅ ማጉያውን በባትሪ ከሚሠራ ማርገብገቢያ ጋር አገናኘ። የሻማው ነበልባል ተጋደመ።

"ማራገቢያ ነው?" አለች ሚስቱ።

"ማራገቢያ ከኋላው አየር ያስገባል። ይህ ከኋላው ድፍን ነው። በዚችው ቀዳዳ ይስባል፣ በዚችው ቀዳዳ ይተፋል።"

"የሳበውን ከተፋ ዜሮ ለዜሮ አይደል እንዴ?"

"ሻማውን እፍ ብለሽ አጥፊው" አላት። አጠፋችው። መልሶ ለኮሰ። "አሁን ደግሞ ወደ ውስጥ ስበሽ አጥፊው።"

ሚስቱ አፏን ከሻማው አቅርባ ሳበች። ነበልባሉ ፈቀቅ አላለም። እንደገና ሳበች፤ ጉንጯ ገባ፣ ዓይኗ ፈጠጠ። ታናሹ ውሃ እየጠጣ ነበርና ትን አለው።

"አየሽ" አለ ታላቁ፤ "ስትስቢ ከየአቅጣጫው ነው የሚመጣልሽ። ስትተፊ ግን ወደ አንድ ወገን ነው የሚሄደው፣ ያውም ቀለበት እየሆነ፣ አንዱ ባንዱ ላይ። ለዚህ ነው ዜሮ የማይሆነው።"

"እኔም የምልህን ከየአቅጣጫው ነው የምትሰማው" አለችውና ሻማውን አንስታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

እንዲህ ያለ ቤት ነበር።

የታላቁ ሕመም ሲጀምር ያወቀችው ሚስቱ ናት። መጀመሪያ አንድ ትራስ ጨመረ፤ ከዚያ ሌላ፤ በመጨረሻ ተቀምጦ ነው የሚተኛው ለማለት ይቻላል። ቀጥሎ ጫማው ጠበበኝ አለ። ጫማው የድሮው ጫማ ነው፤ ያበጠው እግሩ ነው። ነጠላ ጫማ አድርጎ ሥራ ሲገባ ሰው "ጋሽ ጠገበ፣ ጡረታ ወጡ እንዴ?" ይለዋል፤ እሱም "እግሬን ቀድሜ ሰድጄው ነው" ይላል። ከወርክሾፑ እስከ ገንዳው ያለውን ደረጃ ለመውጣት መሐል ላይ መቆም ጀመረ። ሲቆም ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ የሚያነብ ይመስላል። ማስታወቂያው ከተለጠፈ ዓመታት አልፎታል።

አንድ ቀን ሚስቱ ነጠላ ጫማውን ከፊቱ አንስታ ያዘችበት። "ነገ ሐኪም ቤት ካልሄድክ መጥቼ ያንን ገንዳህን ነው የምደፋው" አለችው። "ስቀልድ እንደሆነ ታየኛለህ።"

እንደማትቀልድ ያውቃል። ታናሹን አስከትሎ ሄደ።

የልብ ሐኪሟ ክፍል ጠባብና ጨለም ያለ ነበር፤ አልጋ፣ ስክሪን ያለው ማሽን፣ ለአስታማሚ የምትሆን አንዲት ወንበር። ሐኪሟ ደረቱ ላይ የሚያንሸራትት ቅባት ቀባችና መሣሪያውን ከጡቱ በታች አሳረፈችው። ስክሪኑ ላይ ግራጫ ነገር ሲርገበገብ ታየ። ከዚያ አንድ ቁልፍ ስትጫን ቀለም ገባበት፤ ቀይና ሰማያዊ። ታላቁ አንገቱን አዙሮ ሲያይ በክርኑ ተደግፎ ብድግ አለ።

"ማሙሽ፣ እያት!"

"ጌታዬ፣ እባክዎ አይንቀሳቀሱብኝ" አለች ሐኪሟ።

"እያት እኮ! በሩ ሲከፈት ከጠርዙ ተጠቅልላ ስትወጣ! እኛ ስንት ዓመት በላስቲክ ከረጢት የምንለፋባት እኮ ናት። አየሃት እንዴት ያለች ክብ እንደሆነች?"

ታናሹ አየ። እውነትም ክብ ናት። ሰፊ፣ ሙሉ፣ እየዞረች የምትቆይ ቀለበት። ገንዳው ውስጥ እንደዚህ ያለች ቢያገኙ ሥራ አቁመው ሻይ ይጠጡ ነበር። የታላቁ ፊት በርቶ ነበር። ያንን ፊት ታናሹ ከብዙ ጊዜ ወዲህ አላየውም፤ እሱም ስለ ወንድሙ ደስ አለው።

ሐኪሟ ግን ምስሉን አቁማ ወንበሯን ወደ አልጋው አዞረች። "ክብ የሆነችው ክፍሉ ስለሰፋ ነው" አለች። "የደህና ሰው ልብ ጠበብ ያለ ነው፤ የሚገባው ደም ተጠቅልሎ ወዲያው ወደ መውጫው ይታጠፋል። የእርስዎ ልብ እንደ አሮጌ ከረጢት ለቋል። ስለዚህ ደሙ እዚያው ይዞራል፣ አይወጣም። እታች ጫፉ ላይ ያለው ደግሞ ጭራሽ አይንቀሳቀስም። ደም ከቆመ ይረጋል። ከረጋ በኋላ ምን እንደሚሆን ልነግርዎት አልፈልግም። ሆስፒታል መግባት አለብዎት። ዛሬ ቢሆን ደስ ይለኛል።"

"ገብቶኛል" አለ ታላቁ። ዓይኑ ግን ከቆመው ምስል ላይ አልተነሳም። "ቀለሙን ትንሽ መለስ ብታደርጊልኝ፣ ልጄ? ጭራ እንዳላት ማየት ፈልጌ ነው።"

"ጌታዬ፣ የነገርኩዎትን ሰምተዋል?"

"ሰምቻለሁ። አንድ አፍ ይቀረናል። እሷ እንዳለቀች እገባለሁ።"

ሐኪሟ ወደ ታናሹ ዞረች። "የምን አፍ ነው የሚሉት?"

ታናሹ ማስረዳት ጀመረና ተወው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገንዳው ውስጥ ልብን የምታስመስል የላስቲክ ከረጢት አለች። መግቢያዋ ላይ ታናሹ ከናስ የሚቆርጣቸው አፎች በየተራ ይገጠማሉ፤ አንዱ እንደ ደህና ሰው የልብ በር ሰፊ፣ ሌላው እንደ ታመመ ሰው ጠባብ። ሁሉም ተሞክረው አልቀው የቀረችው የመጨረሻዋ፣ ከሁሉ ጠባቧ ነበረች። እሷ ከተሞከረች ሥራው ሙሉ ይሆናል፤ ካልተሞከረች ታላቁ ለዓመታት ውሃ እያረጋ ያየው ሁሉ ጫፉ ጎደሎ ሆኖ ይቀራል። ችግሩ ቀለበቱ የሚወለደው ከአፉ ጠርዝ መሆኑ ላይ ነው። ጠርዙ እንደ ምላጭ መሳል አለበት። ፀጉር የምታህል ጥርስ ብትኖርበት ቀለበቱ ተንጋዶ ይወጣል። አፉ በጠበበ ቁጥር ደግሞ ጠርዙ ይሳሳል፤ የሳሳ ናስ በቶርኖ ላይ እንደ ወረቀት ይታጠፋል። በችኮላ የሚሠራ ነገር አይደለም።

ወደ ቤት ሲመለሱ ታላቁ መንገዱን ሁሉ ስለዚያች ቀለበት አወራ። በሕይወቱ ሙሉ ተማሪዎችን "ቀለም አትመኑ" ሲል የኖረ ሰው ነው። ቀለበት ሞቶ፣ መዞሩን ትቶ፣ ቀለሙ ብቻ ቅርፁን ይዞ ውሃው ላይ ሊቆይ ይችላል፤ ጀማሪ ያንን አይቶ አለ ብሎ ይጽፋል። ይህን ስንት ጊዜ ነግሯቸዋል። የራሱን ልብ በቀለም ሲያይ ግን ያየው ክብነቷን ነው፤ ገንዳው ውስጥ ክብ ማለት ደህና ማለት ነው። ሐኪሟ ያለችው በጆሮው ገብቷል። ዓይኑ ያየው ግን ሌላ ነበር፤ እሱ ደግሞ በሥራው ዓይኑን ማመን የለመደ ሰው ነው። ጊዜ ያለው መሰለው።

ሚስቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው።

"ምን አለች?"

"ቀለበቴ ክብ ናት" አላት ታላቁ።

ሚስቱ በትከሻው ላይ አሻግራ ታናሹን አየችው።

"ይግባ ብላለች፣ እትዬ" አለ ታናሹ። "ዛሬ ቢሆን ብላለች።"

ሚስቱ ወደ ውስጥ ገብታ ከቁም ሳጥኑ ላይ ሻንጣ አወረደች። ፒጃማ፣ ፎጣ፣ ሹራብ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የሻይ ፔርሙስ። ዚፑን ዘግታ ከጫማ መደርደሪያው አጠገብ አቆመችው።

"ማሙሽ አፏን ሲጨርስ እገባለሁ አልኩሽ እኮ" አለ ታላቁ፣ ወንበር ላይ ቀስ ብሎ እየተቀመጠ።

"ለእኔ ገና አሁን ነው የምትለኝ" አለችው። ከዚያ ወደ ታናሹ ዞረች። "አንተ መቼ ነው የምትጨርሰው?"

"ቶሎ" አላት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የአንድ ሰው ነፍስ በቶርኖ ላይ እንደታሰረች አድርጎ ነው የሠራው። ያ ነው ያበላሸበትም። መጀመሪያ የሞከራት ጠባብ አፍ ጠርዟ ላይ ሲደርስ ምላጩን ትንሽ ፈጠን አድርጎ ገፋው፤ ናሱ ጫፉ ላይ እጥፍ አለ። በሞረድ ቀና አድርጎ፣ በጨርቅ ወልውሎ፣ በዓይን ሲያያት ደህና መሰለች። አሰበ፣ አሰበና ይዟት ወጣ።

ታላቁ በማጉያ መነፅር ዙሪያዋን አያት። "ጥርስ አላት" አለ።

"ለአንድ ጊዜ ትበቃለች ጋሼ። ሞክራት።"

ታላቁ ቀና ብሎ አየው። ከዚያ አፏን ገጠመ፣ ውሃውን አስረጋ። እንደዚያ ቀን ውሃ ሲዘገይ ታናሹ አያስታውስም። በመጨረሻ ፒስተኑ ተመታ። ቀለበቷ ወጣች፤ ትንሽ ሄደች፤ ከዚያ እንደ ሰካራም ወደ ጎን ተንጋደደችና የገንዳውን ግድግዳ መትታ ብትንትኗ ወጣ።

ታላቁ መብራቱን አጠፋ። አልተቆጣም። "በዚች አፍ አሳበህ ሆስፒታል ብታስገባኝ ደስ ይልህ ነበር አይደል?" አለው።

"አዎ" አለ ታናሹ።

"አውቃለሁ። ሌላ ናስ እሰር። አትቸኩል፣ ማሙሽ።"

ታናሹ ሌላ ናስ አሰረ። ሚስትየው ማታ ማታ እራት ስታቀርብ "ደረሰች?" ብላ ትጠይቃለች፤ እሱ "እየደረሰች ነው" ይላታል፤ ታላቁ ደግሞ ስለ ሌላ ነገር ያወራል። ሻንጣው ከበሩ አጠገብ እንደቆመ ነው። ሲገቡና ሲወጡ ሦስቱም ይዞሩታል። አንድ ማታ ታላቁ ፎጣ ፈልጎ ሊከፍተው ቢል ሚስቱ እጁን መታችው። "የሐኪም ቤት ፎጣህ ነው" አለችው።

ያች የመጨረሻ ጠዋት ከሌላው ጠዋት የተለየች አልነበረችም። ታላቁ በሁለት እጁ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዞ ወደ ወርክሾፑ ወረደ። አንዱን ለታናሹ አኖረለትና ቶርኖው ላይ ጎንበስ ብሎ ናሷን አያት። ሲተነፍስ ደረቱ ውስጥ ውሃ የሚፈላ ይመስላል።

"ታምራለች" አለ። "ምን ቀራት?"

"አንዴ ምላጩን ላሳልፍባትና ጠርዟን መሳል ነው።"

"እኔ እስከዚያ ሰፊዋን አፍ ገጥሜ ጥቂት ቀለበት ልምታ። አዲሷ ስትመጣ ጎን ለጎን እንድናያቸው።"

"ቁጭ ብትል አይሻልም ጋሼ?"

"ቁጭ ማለት አይደል ሥራዬ" አለ ታላቁ። ከሻዩ ፉት ብሎ ፊቱን አጨማደደ። "ስኳር ረስተሃል ብላ እትዬህ ትሰድበኛለች ብዬ ነበር፤ ለካ እውነትም ረስቻለሁ።"

ደረጃው መሐል ላይ ሲቆም ታናሹ ከታች ይሰማዋል። ቆመ። ከዚያ ቀጠለ። ታላቁ ጨርቁን እጀታው ላይ ሲያስር የብረቱ ድምፅ ትንሽ ይሰማል፤ እሱም ተሰማ። በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ታናሹ ማሽኑን አስነሳ።

ከሰዓት በኋላ ታናሹ ኃላፊዋን ቀድሞ ወደ ገንዳው ክፍል ሲገባ ሰዎች ወንድሙን አጋድመውት፣ ፊቱን በነጭ ጋውን ሸፍነውት ነበር። በርጩማው እቦታው ነው። ገንዳው ውስጥ ያለው ውሃ ፍጹም ረግቷል፤ መስታወቱን ካልነኩት ውሃ መኖሩ አይታወቅም። ሰማያዊ ቀለም አልነበረበትም። የመጀመሪያዋን ቀለበት እንኳ ሳይመታ ነው ያለፈው፣ ውሃው እስኪረጋ ሲጠብቅ።

ቀብሩ አለፈ። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ስለ ጋሽ ጠገበ አንድ አንድ ቀልድ ነበረው፤ ያወሩታል፣ ይስቃሉ። ሰዉ ቀለል ሲል ታናሹ እንደ ልማዱ ለእራት መጣ። ሁለት ሳህን ነበር የቀረበው። ሚስትየው አልበላችም። ጣቷን ጠረጴዛው ላይ፣ ሻማው ቆሞበት በነበረው ጫፍ ላይ፣ ወዲያና ወዲህ ታንቀሳቅሳለች።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለች።

"ጠይቂኝ፣ እትዬ።"

"የሆነች አፍ ለምን አልሰጠኸውም? ክፉም ብትሆን። ደረሰች ብለህ።"

ታናሹ ማንኪያውን አስቀመጠ። "ሰጥቼው ነበር" አላት። "አወቀ።"

"ሌላ ሰው ቢሆን አያውቅም ነበር" አለች።

"አዎ። አያውቅም ነበር።"

ተነስታ ሳህኖቹን አነሳች። የእሷ ሳህን እንደቀረበ ነው የተነሳው። ታናሹ ሊወጣ ሲል ሻንጣውን እንደ ወትሮው ዞረው። ላንሳው፣ ልክፈተው፣ ልብሱን ለሰው ልስጥልሽ ሊላት አሰበና ፊቷን አይቶ ተወው።

በማግስቱ ወርክሾፕ ገባ። ኃላፊዋ እንደገና ወረደች፤ በአንድ ሰሞን ሁለተኛ መውረዷ ነው። ደረጃው መጨረሻ ላይ ቆማ ወደ ቶርኖው አልቀረበችም።

"አልቸኩልም" አለችው። "እጅህ እንቢ ካለህም በሌላ ወርክሾፕ አስጨርሳታለሁ። ለእሱ ብዬ ነው፤ ሥራው የእሱ ነው።"

"አትንኪያት" አላት።

"እሺ።"

"ጨርቁንስ ማን አነሳው?"

"ማንም አላነሳውም" አለች። "እንዳለ ነው።"

ከወጣች በኋላ ታናሹ መብራቱን አብርቶ ጎንበስ አለ። ናሷ በቶርኖው መንጋጋ እንደታሰረች ናት፤ ማሽኑን ሲያጠፋ የያዘችው ቀጭን መስመር ዙሪያዋን ይታያል። ምላጩ አንዴ ካለፈባት መስመሩ ይጠፋል። ከዚያ ጠርዟን መሳል ነው። እጁን ወደ ማስነሻው ዘረጋ፤ ጣቶቹን አያቸው፤ መለሳቸው። ወንበሩን ስቦ፣ ታላቁ ውሃው እስኪረጋ እንደሚጠብቀው፣ ተቀመጠ።

አፏ አላለቀችም። ጠርዟ አልተሳለም፤ ገንዳው ውስጥ ያለው ውሃም እስካሁን አልተመታም።